ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለሚነሣ የልውውጥ ተማሪ ዝርዝር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በወሎ ዩኒቨርሲቲ በደሴ ግቢም ሆነ በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እየተማሩ፣ በልውውጥ ፕሮግራም ለአንድ ሴሚስተር ወደ ጀርመን ለሚሄዱ ተማሪዎች ነው። ሙሉ ዲግሪውን ውጭ የሚማር ሰው ሁለትና ሦስት ዓመት ስላለው «ቀስ ብዬ እለምደዋለሁ» ቢል ያዋጣዋል፤ የልውውጥ ተማሪ ግን ያለችው ጊዜ ጥቂት ወራት ስለሆነች፣ እስኪለምድ ሲጠብቅ የመመለሻው ትኬት ቀን ይደርሳል። በዚያ ላይ የጀርመን የቢሮ አሠራር አንዱን ወረቀት ሳይዙ ሌላውን የማያሰጥ በመሆኑ፣ ቅደም ተከተሉን ያዛባ ተማሪ ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ግማሹ ሴሚስተር ያልቅበታል። ስለዚህ የሚከተለው ሁሉ መሠራት ባለበት ቅደም ተከተል ተቀምጧል፤ ገሚሱም የሚሠራው ገና እዚሁ ሳሉ ነው። ስለ ኮርስ አሠራር የተሰጡት ማብራሪያዎች በአብዛኛው የተመሠረቱት በ1987 ኢራስመስ ተብሎ በተጀመረውና ከ2014 ወዲህ ኢራስመስ ፕላስ በሚባለው የአውሮፓ ኅብረት ፕሮግራም ላይ ነው። ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተጠቀሰ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ፦ ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን ያመሳክሩ

ፓስፖርትዎን፣ የ12ኛ ክፍል ውጤትዎን፣ የልደት ሰርተፊኬትዎንና ትራንስክሪፕትዎን ጎን ለጎን ዘርግተው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል ያነጻጽሩ። በእኛ አካባቢ ይህ ሥራ የዋዛ አይደለም፤ መሐመድ፣ ሰይድና እንድሪስ የሚሉት ስሞች በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሦስትና አራት መልክ አላቸው። አንዱ ጸሐፊ መሐመድን በሁለት «ኤም»፣ ሌላው በአንድ ይጽፈዋል፤ አንዱ እንድሪስን በ«ኢ»፣ ሌላው በ«አይ» ይጀምረዋል። እዚህ ማንም ልብ የማይለው ይህ ልዩነት እዚያ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሊያስመስልዎ ይችላል። የሚጸናው የፓስፖርቱ አጻጻፍ ነው፤ ሌሎቹ ሰነዶች ከእሱ የሚለዩ ከሆነ በሬጅስትራር በኩል ማስተካከያ ወይም ሁለቱም ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያውጡ። ከደረሱ በኋላም በመዝገብ ላይ የቤተሰብ ስም ተደርጎ የሚያዘው ከስሞችዎ የመጨረሻው ስለሆነ፣ ቢሮ ውስጥ ተራዎ ደርሶ በአያትዎ ስም ሲጠሩ «ሌላ ሰው ነው» ብለው ዝም እንዳይሉ።

የትውልድ ቀን ደግሞ በአንድ ቀን ይሳሳታል። መስከረም 1 ሁልጊዜ ሴፕቴምበር 11 ይመስለናል፤ ይሁንና ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት የሚውለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ለምሳሌ መስከረም 1 ቀን 1996 ዓ.ም. የተወለደ ሰው ትክክለኛ ቀኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2003 ይሆናል። አንዱ ሰነድ 11፣ ሌላው 12 ካለ አስቀድሞ ማስተካከል ይሻላል።

ሁለተኛ፦ የትምህርት ስምምነቱን ሳይጨርሱ ትኬት አይቁረጡ

በእኔ ግምት ከቪዛው ይልቅ የሚያስጨንቅ መሆን ያለበት ይህ ሰነድ ነው። የትምህርት ስምምነት ሁለት ሰንጠረዦች አሉት፤ በአንደኛው እዚያ የሚወስዷቸው ኮርሶች፣ በሁለተኛው ደግሞ እነዚያ ኮርሶች እዚህ የሚተኳቸው ኮርሶች ይዘረዘራሉ። የሚፈርሙበትም ሦስት ወገኖች ናቸው፦ እርስዎ፣ የላከዎ ዩኒቨርሲቲና የሚቀበልዎ ዩኒቨርሲቲ። ብዙ ተማሪ የመጀመሪያውን ሰንጠረዥ በጥንቃቄ ይሞላና ሁለተኛውን «ስመለስ ይታያል» ብሎ በግርድፉ ያልፈዋል። ሲመለስ ባቹ ቀድሞት ሄዷል፤ ኮርሱ አልተያዘለትም፤ ስለዚህ ከሥሩ ከሚመጣው ባች ጋር ተቀምጦ ጀርመን ያለፈውን ትምህርት እንደገና ይማራል።

ይህ እንዳይደርስብዎ የተቀባዩን ዩኒቨርሲቲ ዝርዝር የኮርስ መግለጫ አትመው ወደ ዲፓርትመንት ኃላፊው ይሂዱና ምዕራፍ በምዕራፍ ያነጻጽሩ። የኮርስ ርዕስ መመሳሰል ብቻውን ዋስትና አይሆንም፤ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ሁለት ኮርሶች እዚህ ከላብራቶሪ ጋር፣ እዚያ ያለ ላብራቶሪ ሊሰጡ ይችላሉ። ስምምነት ላይ ሲደርሱ የኮርሶቹ አቻነት በዲፓርትመንቱ ቃለ ጉባኤ እንዲያዝ፣ እንዲፈረምና ግልባጩ ለሬጅስትራር እንዲደርስ ይጠይቁ። የኃላፊው የቃል ተስፋ፣ ምንም ቅን ሰው ቢሆኑ፣ አይበቃም፤ የዲፓርትመንት ኃላፊነት የሚፈራረቅ ሥራ ስለሆነ ሲመለሱ ወንበሩ ላይ የሚያገኙት ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የክሬዲቱ ስሌት የሚከተለው ነው። በአውሮፓ አንድ የትምህርት ዓመት 60፣ አንድ ሴሚስተር 30 ክሬዲት ይይዛል፤ በጀርመን አንድ ክሬዲት እስከ 30 ሰዓት የሚደርስ ሥራ ሆኖ ይቆጠራል፤ ይህም ክፍል የሚቀመጡበትን ብቻ ሳይሆን ቤት የሚያነቡበትንም ይጨምራል። በእኛ ብዙ ሥርዓተ ትምህርቶች 3 ክሬዲት አወር ከ5 የአውሮፓ ክሬዲት ጋር ተያይዞ ስለሚቀመጥ፣ 30ው ወደ 18 ክሬዲት አወር ይጠጋል። ስኮላርሺፑ የሚጠይቀው ዝቅተኛ መጠን ከ30 የሚያንስ ከሆነ ዝቅተኛውን ሳይሆን ጥቂት ከፍ ያለውን ይያዙ፤ አንዱ ኮርስ ቢበላሽ መተኪያ ይኖርዎታል። በሌላ በኩል «ዕድሉን ልጠቀም» ብሎ ከ30 በላይ መቆለል ትርፉ ድካም ነው።

የሴሚስተሩ ምርጫም ይታሰብበት። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ኢንተርንሺፕ የሚወጣበትን ሴሚስተር፣ ማንኛውም ተማሪ ደግሞ የተከታታይ ኮርሶች መነሻ የሆነው ኮርስ የሚሰጥበትን ሴሚስተር ቢተው ይመረጣል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተና የሚፈተን በመሆኑም፣ በመጨረሻው ሴሚስተር ውጭ መሆንን እኔ አልመክርም።

ሦስተኛ፦ ቪዛና ማደሪያ

ከ90 ቀን በላይ ስለሚቆዩ የሚያስፈልግዎ የአጭር ጊዜው የሸንገን ቪዛ ሳይሆን ብሔራዊ የትምህርት ቪዛ ነው። የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ፣ የስኮላርሺፑን ወርሃዊ መጠንና ጊዜ የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የጤና ኢንሹራንስና ሌሎች ማስረጃዎችን ይዘው ያመለክታሉ። የስኮላርሺፕ ደብዳቤው የገንዘቡን መጠን በቁጥር መጥቀሱን ያረጋግጡ፤ ስኮላርሺፕ የሌለው ተማሪ በዝግ ሒሳብ (በየወሩ የተወሰነ መጠን ብቻ በሚወጣበት የባንክ ሒሳብ) ማስያዝ የሚጠበቅበት ገንዘብ ከሴፕቴምበር 2024 ወዲህ በወር 992 ዩሮ ስለሆነ፣ የእርስዎ ድጋፍ ከዚያ ካነሰ ልዩነቱን ሊጠየቁ ይችላሉ። ከደሴ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመንገዱ ነገር አስቀድሞ የማይታወቅ በመሆኑ ለኤምባሲ ቀጠሮ በዋዜማው ምሽት ለመድረስ አስቦ መነሣት አይገባም፤ አቅም ካለ ከኮምቦልቻ መብረር፣ ካልሆነም ሁለት ሦስት ቀን ቀድሞ ገብቶ ዘመድ ቤት ማረፍ ይሻላል።

የማደሪያ ማመልከቻ ደግሞ ቪዛ እስኪመጣ አይጠብቅም። የተማሪ ዶርሞችን የሚያስተዳድረው ሽቱዲሬንደንቬርክ የሚባለው ድርጅት ሲሆን፣ የተጠባባቂው ዝርዝር ረጅም ስለሆነ የመቀበያው ደብዳቤ በደረሰ ዕለት ማመልከት ተገቢ ነው። በኢንተርኔት ያገኙት «አከራይ» ቤቱን ሳያዩ ቅድሚያ ክፍያ እንዲልኩ ከጠየቀዎ፣ ፎቶው ምንም ያህል ቢያምር ይተዉት።

አራተኛ፦ ሻንጣ

እናትዎ ከሁሉ አስቀድመው የሚያዘጋጁት ንጥር ቅቤና ቋንጣ ነው፤ ሁለቱም ግን አይገቡም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የሚመጣ መንገደኛ የሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቀድለትም፤ ቅቤውም በዕቃ ታሽጎ ቢሆን ያው ነው። ማር እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ስለዚህ እናትዎን በጊዜ ያስረዱና ድካማቸውን ወደ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽና ተቆልቶ ወደተፈጨ ቡና ያዙሩት። በርበሬውን በሁለት ፌስታል ጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ መሐል፣ ልብስ በሌለበት በኩል ያድርጉት። ጫት በጀርመን በአደገኛ ዕፅ ሕግ የሚያስጠይቅ ነው፤ ለዘመድ አድርስ ተብሎ የተሰጠ ጥቅልም ቢሆን፣ ሳይከፍቱ አይቀበሉ።

ጀበና መያዝ ይቻላል፤ ከሰልና ዕጣን ግን ዶርም ውስጥ አይሆንም። በየክፍሉ ጣሪያ ላይ የጢስ መጠቆሚያ አለ፤ ለቡናው ማድመቂያ ያጨሱት ዕጣን ሕንፃውን በሙሉ አስጩሆ የእሳት አደጋ መኪና ሊያስመጣ፣ ወጪውም በእርስዎ ላይ ሊመጣ ይችላል። የመጀመሪያው የስኮላርሺፕ ክፍያ የባንክ ሒሳብ እስኪከፍቱ ስለሚዘገይ፣ የአንድ ወር ቀለብ፣ የቤት ኪራይና የዶርም ማስያዣ የሚሸፍን ገንዘብ በእጅ መኖር አለበት።

አምስተኛ፦ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት

መድረሻዎን በሥራ ቀን፣ በተቻለ መጠን ጠዋት እንዲሆን ያድርጉ። ቅዳሜ ማታ የደረሰ ሰው የዶርሙን ቁልፍ የሚሰጠው አያገኝም፤ እሑድም ሱቆች ዝግ ስለሆኑ የሚበላ ነገር ፍለጋ ባቡር ጣቢያ ይሄዳል። ቁልፉን ሲቀበሉ አከራዩ እዚያ ቤት መግባትዎን የሚያረጋግጥበትን የተፈረመ ወረቀት አብረው ይቀበሉ፤ ያለ እሱ ቀጣዩ ደረጃ አይከፈትም። ከዚያ በፊት ግን ከሕንፃው በር ሳይርቁ ስምዎን በፖስታ ሳጥኑ ላይ ይለጥፉ። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የባንክ ካርድ፣ የካርዱ የምሥጢር ቁጥር፣ የኢንሹራንስና የመኖሪያ ፈቃድ ደብዳቤ ሁሉ የሚመጣው በፖስታ ነው፤ ፖስተኛው ስሙን ሳጥኑ ላይ ካላገኘ ደብዳቤውን ይመልሰዋል።

ቀጥሎ የጤና ኢንሹራንሱን ያጠናቅቁና በዩኒቨርሲቲው ይመዝገቡ፤ ኢንሹራንስ የሌለው ተማሪ አይመዘገብም። ዕድሜያቸው ከ30 በታች ለሆኑ ተማሪዎች በሕግ የተቋቋመው ኢንሹራንስ በወር 150 ዩሮ ገደማ ያስከፍላል፤ ስኮላርሺፑ የራሱን ኢንሹራንስ ገዝቶልዎት ከሆነ፣ ተቀባይነት ማግኘቱን አስቀድመው በኢሜይል ይጠይቁ። ሲመዘገቡ የሚከፍሉት የሴሚስተር መዋጮ በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የባቡርና የአውቶቡስ ትኬትን ስለሚጨምር፣ ይህን ሳያጣሩ የወር ትኬት አይግዙ።

ሦስተኛው የአድራሻ ምዝገባ ነው። ሕጉ ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ቢዩርገርአምት በሚባለው የነዋሪዎች ጽሕፈት ቤት እንዲመዘገቡ ያዛል፤ በትላልቅ ከተሞች ቀጠሮው ቶሎ ስለሚሞላ ገና ደሴ ሳሉ በኢንተርኔት ይያዙት። ከዚያ የሚያገኙት ወረቀት ለባንኩ፣ ባንኩ ለስኮላርሺፑ፣ ሁሉም ተደምሮ ለመኖሪያ ፈቃዱ ያገለግላል። የቪዛው ጊዜ ሴሚስተሩን በሙሉ የማይሸፍን ከሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማመልከቻው ቪዛው ከማለቁ በፊት መግባት ይኖርበታል።

ከተመዘገቡ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሬዲዮና የቴሌቪዥን መዋጮ የሚጠይቅ ደብዳቤ ይመጣል፤ ቴሌቪዥን የለኝም ማለት አያድንም። ክፍያው ለአንድ መኖሪያ ቤት በወር 18.36 ዩሮ ሲሆን፣ በጋራ ቤት የሚኖሩ ከሆነ አንድ ሰው ከፍሎ ሌሎቹ ይካፈሉታል። ማጭበርበር መስሏቸው ደብዳቤውን የጣሉ ሰዎች በኋላ ከነቅጣቱ ከፍለዋል።

ለድንገተኛ አደጋ 112፣ ሌሊት ወይም እሑድ ለታመመና ሕይወቱ ላልተሠጋ ሰው 116117 ይደወላል።

ስድስተኛ፦ ሰዓትና ክፍል

«ነገ በ10 ሰዓት» ሲባሉ ጆሮዎ የሚሰማው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እነሱ የሚሉት ግን የእኛን ጠዋት 4 ሰዓት ነው። የመጀመሪያው ወር ቀጠሮ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በዚህ ስለሆነ፣ ማንኛውንም ቀጠሮ በጽሑፍ፣ በ24 ሰዓት አቆጣጠር ይቀበሉ፤ 14፡15 የእኛ 8፡15 ነው። በፕሮግራሙ ላይ ከሰዓቱ ጎን «ሲ. ቲ.» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ካሉ ትምህርቱ ከተጻፈው ሰዓት 15 ደቂቃ ዘግይቶ ይጀምራል፤ «ኤስ. ቲ.» ካለ ግን በደቂቃው ይጀምራል። ይህ ሩብ ሰዓት ለትምህርት ብቻ የተሰጠ ነው፤ ለፕሮፌሰር ቀጠሮ፣ ለቢሮም ሆነ ለጓደኛ አይሠራም።

የክረምቱ ሴሚስተር ኦክቶበር 1፣ ማለትም መስከረም 20 ገደማ ተጀምሮ፣ ትምህርቱ ከጥቅምት መጀመሪያ ሳምንታት እስከ የካቲት መግቢያ ይዘልቃል። ትልቁ ልዩነት ምዘናው ላይ ነው። እዚህ በኩዊዝ፣ በአሳይመንትና በሚድ እየተሰበሰበ የሚመጣው ነጥብ እዚያ ብዙ ጊዜ የለም፤ ሙሉው ግሬድ በአንድ የመጨረሻ ፈተና ሊወሰን ይችላል። አንዳንድ ኮርስ ደግሞ ሳምንታዊውን የመልመጃ ወረቀት በበቂ ሁኔታ ያልሠራን ተማሪ ፈተና ላይ አያስቀምጥም፤ ወረቀቱ ነጥብ ስለሌለው ብቻ የሚዘለል አይደለም። በተጨማሪም ለኮርሱ መመዝገብና ለፈተናው መመዝገብ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የፈተና ምዝገባው በሴሚስተሩ መሐል ለጥቂት ሳምንታት ይከፈትና ይዘጋል፤ ያመለጠው ሰው ሴሚስተሩን ሙሉ ክፍል ቢውልም አይፈተንም። የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ቀኑን ጠይቀው ስልክዎ ላይ ማንቂያ ይሙሉ። ኮርስ መለወጥ ካለብዎም የትምህርት ስምምነቱ የሚሻሻለው በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ነውና፣ ደሴ ያለው ዲፓርትመንትም አዲሱን ኮርስ እንዲያጸድቅ በዚያው ቀን ይጻፉ።

የግሬዱ አቆጣጠር የተገለበጠ ነው። በእኛ 4.0 የሜዳልያ ውጤት ሲሆን፣ በጀርመን 1.0 ከሁሉ የላቀው፣ 4.0 ለጥቂት ማለፍ፣ 5.0 መውደቅ ነው፤ ውጤትዎን ለቤተሰብ ሲናገሩ ይህን አስቀድመው ያስረዱ። የትምህርቱ ክፍለ ጊዜ ሲያልቅ ተማሪው በሙሉ በጣት አንጓው ጠረጴዛውን ሲደበድብ ቢሰሙ አይደንግጡ፤ ጭብጨባቸው ይኸው ነው፣ እርስዎም ያንኳኩ።

ሰባተኛ፦ ምግብ፣ ጾምና ጸሎት

ሜንዛ የሚባለው የተማሪዎች ምግብ ቤት ከውጭው ርካሽ ነው፤ በየምግቡ ሥር ያለውን ምልክት ማንበብ ግን ግድ ይላል። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው «ቪጋን» የሚለው ምልክት በቂ ነው፤ ሥጋም፣ ወተትም፣ እንቁላልም የለበትም። «ቬጄታሪያን» የሚለው ግን አይብና እንቁላል ስላለበት አያስጾምም። ሙስሊም ተማሪ «ሽቫይን» የሚለውን የአሳማ መጠሪያና በወጥ ውስጥ የሚገባውን አልኮል ለይቶ ማወቅ፣ ከረሜላና እርጎ ላይም ጄላቲን መኖሩን ማየት ያስፈልገዋል። ሠርግ ቤት የሁለቱ ሃይማኖት ድግስ ለየብቻ ተዘጋጅቶ አብሮ ሲደሰት ላደገ የወሎ ልጅ «ይህን አልበላም» ብሎ በግልጽ መናገር የሚያሳፍር አይደለም፤ እዚያም ማንም አይከፋም። በጋራ ወጥ ቤት የራስዎ ድስትና መጥበሻ ቢኖርዎት ግን ንግግሩን ያሳጥረዋል። ፈተናው የካቲት ላይ ስለሚውል ከጾም ጋር ይገጥማል፤ በ2018 ዓ.ም. ዐቢይ ጾምና ረመዳን የገቡት በአንድ ሳምንት ነበር።

የፕላስቲክ ጠርሙስ አይጣሉ፤ ሱፐርማርኬት ያለው ማሽን ለአንዱ 25 ሳንቲም ይመልሳል።

ስምንተኛ፦ ጨለማው

የደሴ ልጅ «ብርድ ለእኔ ብርቅ አይደለም» ይላል፤ እውነትም 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ሥር ያደገ ሰው ከኮምቦልቻው ይልቅ ይችላል። ይሁን እንጂ የደሴ ብርድ ረፋድ ላይ ፀሐይ ይሰብረዋል። የጀርመኑ ታኅሣሥ የሚከብደው በጨለማው ነው፤ በሰሜኑ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ነግቶ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል፤ በደመና ቀን ደግሞ ፀሐይ ጨርሳ አትታይም። በዚህ ጊዜ የሚመጣው እንቅልፍና መክበድ ስንፍና ወይም የእምነት ጉድለት አይደለም። መድኃኒቱ ቀላል ቢመስልም በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ከቤት ወጥቶ ግማሽ ሰዓት መራመድ፣ ጠዋት ክፍል ባይኖርም ቤተ መጻሕፍት መግባት ነው። ከበረታ ዩኒቨርሲቲዎችና ሽቱዲሬንደንቬርክ የምክር አገልግሎት አላቸው፤ ብዙ ቦታ በነጻ ነው።

ከቤት ጋር መደወል መልካም ነው፤ በክረምታቸው ደሴ በ2 ሰዓት፣ በበጋቸው በ1 ሰዓት ትቀድማለች፤ የሚለወጠው በኦክቶበርና በማርች የመጨረሻ እሑድ የእነሱ ሰዓት ነው። ነገር ግን ቤተሰቡ አቦል ላይ ሲቀመጥ ቪዲዮ ከፍቶ በረካው እስኪያልቅ አብሮ የሚቀመጥ ተማሪ፣ በአካል ጀርመን፣ በልብ ደሴ ሆኖ ሴሚስተሩን ይጨርሳል። ሰዓት ይወስኑ። ጎረቤትን በተመለከተ፣ ሳይጠሩ በር ማንኳኳት እዚያ አልተለመደም፤ «ሐሙስ ማታ ቡና አፈላለሁ፣ ኑ» ብሎ ከሁለት ቀን በፊት መናገር ግን ሁሉንም ያመጣል።

ዘጠነኛ፦ ከመመለስዎ በፊትና ከተመለሱ በኋላ

የፈተና ውጤት ከፈተናው በኋላ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ ትራንስክሪፕቱ ሳይወጣ የሚበሩበት ጊዜ ይኖራል። ስለዚህ የዓለም አቀፍ ቢሮው በቀጥታ ለሬጅስትራር በኢሜይል እንዲልክ፣ ለእርስዎም ግልባጭ እንዲያደርግ በጽሑፍ ይጠይቁ። ከመውጣትዎ አንድ ሳምንት ቀድሞ ጀምሮ የአድራሻ ምዝገባውን መሰረዝ ይቻላል፤ ኢንሹራንሱና የቴሌቪዥን መዋጮው ግን በራሳቸው ጊዜ አይቆሙም፤ የስረዛውን ወረቀት አያይዘው ለየብቻ ይጻፉላቸው። የዶርሙ ማስያዣ ገንዘብ ከወጡ ከሳምንታት በኋላ ስለሚመለስ የባንክ ሒሳቡን እስከዚያ አይዝጉ።

ደሴ ሲደርሱ ትራንስክሪፕቱን፣ የተፈረመበትን የትምህርት ስምምነትና የዲፓርትመንቱን ቃለ ጉባኤ አንድ ላይ አያይዘው በመሸኛ ደብዳቤ ለሬጅስትራር ያስገቡና በግልባጭዎ ላይ የገቢ ማኅተም ያስመቱ። ከዚያም የሚቀጥለው ሴሚስተር ምዝገባ ከመከፈቱ በፊት ተመልሰው፣ እያንዳንዱ ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነግሬዱ በሲስተሙ ላይ መግባቱን ራስዎ በዓይንዎ ይዩ።